ርካሽ ዙም ሌንስ ለምትገዙ

ዛሬ ጠዋት ከደሴ ፒያሳ ሆነን ሁለት ያገለገሉ የካኖን ሌንሶችን ወደ ጦሳ ተራራ አነጣጥረን ስናወዳድር አረፈድን፤ 75-300 ሦስተኛው ስሪትና 55-250 ኤስቲኤም። ቁጥሩ የሌንሱ ርዝመት በሚሊሜትር ነው፤ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ 300 ያለውን ያነሳል። እኛ የምንመክረው 250 ያለውን ነው።

ምክንያቱ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። 75-300 ማረጋጊያ የለውም፤ 55-250 አለው። ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) አነስ ባለ ካኖን ላይ 300 ሚሊሜትር ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ እንዳለ 480 ስለሚያቀርብ፣ ያለ ማረጋጊያ በእጅ ሲነሳ የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ ባይወርድ ይሻላል። ዙሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። የደሴ ጉም ሲወርድ ወይም አዳራሽ ውስጥ ሰርግ ስታነሱ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) መጨመር ግድ ይሆናል፣ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። 300 ላይ ምስሉም ይደበዝዛል፤ ኤፍ 8 ላይ ትንሽ ይሻሻላል።

ያገለገለ ከሆነ ሁለቱንም ክዳን አውልቁና የስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። ጥቂት አቧራ ችግር የለውም። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ተዉት። ከዚያ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፋችሁ ቀጥ ብላችሁ ከፊት ለፊት አንሱ። ግራው ጠርቶ ቀኙ ከደበዘዘ ውስጡ ያለው መስታወት ከቦታው ተናግቷል፤ ብዙ ጊዜ ከመውደቅ የሚመጣ ነው።

በጦሳ ስትሞክሩ ጠዋት ይሁን፣ ፀሐይ ፊቱን ትመታዋለች። ከቀትር በኋላ ከጣሪያና ከአስፋልት የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፣ ጥፋቱ የአየሩ ሆኖ ሳለ ሌንሱ ይወቀሳል።