ዓይነ ስውሩ ባለቅኔ እና የፒዬድሞንት ሰማዕታት

ዛሬ ዝናቡ ከቤት ስላላስወጣኝ፣ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1655 በሰሜን ጣሊያን በፒዬድሞንት ሸለቆዎች ስለተጨፈጨፉት ዋልዴንሳውያን (ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች) የጻፈውን ባለ14 ስንኝ ግጥም ደጋግሜ ሳነብ ዋልኩ። የአካባቢው ገዥ የነበረው የካቶሊኩ የሳቮይ መስፍን ጦር እነዚያን ምእመናን በሃይማኖታቸው ምክንያት ሲፈጅ፣ ሚልተን የዓይኑን ብርሃን ካጣ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር፤ ሆኖም በወቅቱ እንግሊዝን ይመራ በነበረው በክሮምዌል መንግሥት የውጭ ቋንቋዎች ጸሐፊ እንደመሆኑ፣ የተቃውሞ ደብዳቤውን በላቲን ያዘጋጀው እርሱ ነበር። ደብዳቤው በመንግሥት ወግ የተለጎመ ሲሆን፣ ግጥሙ ግን በቀጥታ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፤ እናት ከነሕፃኗ ከገደል ስትወረወር ያሳየናል።

በ1644 ያለ ቅድመ ምርመራ ስለማተም ነፃነት የተሟገተው ይኸው ሰው፣ ያንኑ መቻቻል ለካቶሊኮች መንፈጉ ከልብ ያሳዝነኛል።

ማምሻውን ግጥሙን ተርጉሜ ለእኅቴ በስልክ ሳነብላት፣ ገደሉ ጋ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ።