አክስቶችን ፍለጋ፦ ታናክን ሳነብ ስምንት ወር

ታናክን፣ የአይሁድን መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዕብራይስጥ፣ አማርኛውን ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ አክስቶችን ብቻ እየፈለግሁ ማንበብ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሞላኝ። ለምን አክስት ላላችሁኝ፣ እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እቴቴ ነው የምላት። ከጎንደር ስንወጣም እጄን ይዛ እዚህ እስራኤል ያደረሰችኝ እሷ ናት። አርብ ማታ ሴት ልጆች ሲመረቁ «እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ፣ እንደ ራሔል፣ እንደ ልያ ያድርግሽ» ይባላል። አራቱም እናቶች ናቸው። አክስትስ የት አለች? ከዚህ ጥያቄ ነው የተነሳሁት።

መጀመሪያ ቃሉን ነበር የፈለግሁት። ዛሬ በዕብራይስጥ አክስት «ዶዳ» ናት፣ እዚህ ሕፃን ሁሉ የሚያውቃት ቃል። በታናክ ግን ያለችው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱ ዘሌዋውያን ላይ ናቸው፣ 18፥14 እና 20፥20፣ የአጎትህን ሚስት አትንካ የሚሉ ሕጎች። ሦስተኛው ዘጸአት 6፥20 ነው፤ እንበረም የአባቱን እህት ዮካብድን አገባ ይላል። የሙሴ እናት ለሙሴ አባት አክስት ነበረች ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጋብቻ በኋላ ራሱ ኦሪት ከልክሎታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ወር ያህል እዚህ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ዘዴዬን ቀየርኩ። ቃሉን ትቼ የዘር ሐረግ መሳል ጀመርኩ። «የእገሌ እህት» የሚል ባየሁ ቁጥር፣ እገሌ ልጆች አሉት ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አክስትነቷን ቆጥሮ ማውጣት የአንባቢው ሥራ ነው። የምትሞክሩ ካላችሁ በእርሳስ ሳሉ፤ ኢዮራም የሚባል ንጉሥ በእስራኤልም በይሁዳም በአንድ ዘመን ስለነበረ እኔ ሦስት ገጽ ቀድጃለሁ።

ዮሳቤትን ያገኘኋት እንዲህ ነው፣ 2ኛ ነገሥት 11፥2 ላይ። የይሁዳው ንጉሥ አካዝያስ ተገድሏል። እናቱ ጎቶልያ ሥልጣኑን ልትይዝ ተነስታ የንጉሡን ዘር ታስፈጃለች። የገዛ የልጅ ልጆቿን ነው የምላችሁ። የአካዝያስ እህት ዮሳቤት ግን ከሚገደሉት መካከል ሕፃኑን ኢዮአስን ከነሞግዚቱ ወስዳ ደበቀችው። ስድስት ዓመት በእግዚአብሔር ቤት ተሸሽጎ ኖረ፣ በሰባት ዓመቱ ነገሠ። ያን ቀን የዳዊት ቤት በሙሉ በአንዲት አክስት እቅፍ ውስጥ ነበር።

ዕብራይስጡ ላይ ስደርስ ደግሞ «ቫቲግኖቭ ኦቶ» ይላል። ሰረቀችው። «ሎ ቲግኖቭ»፣ አትስረቅ፣ ከሚለው ትእዛዝ ጋር ያው አንድ ግሥ ነው፤ ረቢዎቹም በአሥሩ ቃላት ውስጥ ያለውን አትስረቅ ሰው ስለመስረቅ ነው ብለው ይተረጉሙታል። እና ይህቺ ሴት የሰረቀችው ሰው ነው፣ ያውም ከሞት። ያን ማታ ሌላ ምንም አላነበብኩም።

የደበቀችበት ቦታ «ሐዳር ሃሚጦት» ይባላል፣ የአልጋዎች ክፍል። የመካከለኛው ዘመን የታናክ ተንታኝ ራሺ ከቅድስተ ቅዱሳን በላይ ያለው ሰገነት ነው ይላል። እኔ ግን ፍራሽና አልጋ ልብስ የሚከመርበት ክፍል ነው የሚታየኝ። የሕፃን ለቅሶ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ከፍራሽ የተሻለ ምን አለ?

የኋላው ታሪክ ያማል። 2ኛ ዜና መዋዕል ዮሳቤት የካህኑ የዮዳሄ ሚስት እንደነበረች ይነግረናል። ዮዳሄ ከሞተ በኋላ ኢዮአስ የዮዳሄን ልጅ ዘካርያስን በእግዚአብሔር ቤት አደባባይ በድንጋይ አስወገረው። መጽሐፉ የዘካርያስን እናት አይጠራም፤ ዮሳቤት ከነበረች ግን ኢዮአስ ያስገደለው የአክስቱን ልጅ ነው። የዳዊት ጦር አዛዥ ኢዮአብም አሜሳይን ሊስመው መስሎ ጢሙን ይዞ ሲወጋው፣ ሁለቱ የአክስትና የአክስት ልጅ ነበሩ፤ እናቶቻቸው ጽሩያና አቢግያ የዳዊት እህቶች ናቸው።

የዳዊትን ልጅ ትዕማርን ሳልጠቅስ አላልፍም። አምኖን ከደፈራት በኋላ በወንድሟ በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች አልተጻፈም። ግን 2ኛ ሳሙኤል 14፥27ን እዩ። አቤሴሎም ሴት ልጅ ወለደ፣ ስሟንም ትዕማር አላት። ልጅቷን በጠራት ቁጥር የእህቱን ስም ነው የሚጠራው።

አሁን የብንያምን ገጽ ጀምሬያለሁ። ራሔል በኤፍራታ መንገድ ላይ ወልዳው ስትሞት አክስቱ ልያ አጠገብ ነበረች? ማን አሳደገው? የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ባለፈው ሰንበት የዮሳቤትን ታሪክ ለእቴቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ሞግዚቷስ? ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። ተመልሼ ፈለግሁ፣ ሁለቱም መጽሐፍ ላይ የለም።