አሮጌዋ ማሽን ዛሬ ተነሳች

ከጠዋት ጀምሮ እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ግን ደስ ብሎኛል። ያቺ አሮጌ ባለ ሁለት ምት (ሞተሯ ውስጥ የሚመላለሰው ብረት፣ ፒስተኑ፣ አንዴ ወጥቶ አንዴ በወረደ ቁጥር ነዳጅ የምታቃጥል) የሣር ማጨጃ ዛሬ ተነሳች!

ወራት ሙሉ ጥግ ይዛ ቆማ ነበር። ገመዱን ብስብ፣ ብስብ፣ ወይ ፍንክች። ካንዴላውን (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈታሁት፤ ጥላሸት ለብሷል። በብረት ብሩሽ አጸዳሁት። አሁንም የለም። ለካ ቤንዚኑን ሳላወጣ ነው ያስቀመጥኳት። የቆየ ቤንዚን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ውስጥ እንደ ሙጫ ይጋገርና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ፈትቼ አጠብኩት፣ አዲስ ቤንዚን ቀየርኩ። ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ስስብ ጮኸች።

እነዚህን ሞተሮች የምወዳቸው ቀላል ስለሆኑ ነው። እንደ ባለ አራት ምቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለ፣ የዘይት ቋት የለ። ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ የነዳጁን መግቢያና የጭሱን መውጫ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሚበላሽ ነገር ጥቂት ነው። የዘይት ቋት ስለሌላቸው ተዳፋት ላይም አያስቸግሩም።

ዘይቱን ግን አደራ! ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚደባለቀው። ያለ ዘይት ከሠራች ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቀራል፣ በቃ። መጠኑ እንደየሞተሩ ይለያያል። 25 ለ 1 (25 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) ከሆነ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 50 ለ 1 ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር።

ጭሷ ይበዛል፤ ይህን አልክድም። ያልተቃጠለ ነዳጅም ከጭሱ ጋር ይወጣል። ቢሆንም በትንሽ እንክብካቤ የምትሠራን ማሽን መጣል አይሆንልኝም።

ነገ ስለቷን እሞርዳለሁ። መጀመሪያ ግን የካንዴላውን ሽቦ እነቅላለሁ፤ ሳይነቀል እጅ ወደዚያ አይገባም።