አንድ ቢራ በሁለት አየር፦ የመከር ሆፕስ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ

ከማሳ ላይ እንደተቆረጠ ሳይደርቅ በገባ ሆፕስ የተጠመቀ ቢራ ዕድሜው አጭር ነው ሲባል እሰማ ነበር። ምን ያህል አጭር እንደሆነ የገባኝ ግን አንዱን ጣሳ ደሴ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ አስቀምጬ ጎን ለጎን ስቀምሰው ነው። እንዴት እንዳደረግኩት፣ ምን እንደቀመስኩና ምን እንደተማርኩ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቢራው። ሆፕስ ሐረግ ነው። በገመድ ላይ እየተጠመጠመ አምስት ስድስት ሜትር ይወጣል። ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚፈለገው አበባው ነው፤ ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ። የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይጀመርና መስከረም ውስጥ ያልቃል። እኛ ጋ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ ሸለቆ ውስጥ ሆፕስ እየተቆረጠ ነው። አሜሪካ ከምታመርተው ሆፕስ አብዛኛው የሚበቅለው እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው።

አሁን የተቆረጠ አበባ ከክብደቱ እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ተከምሮ ካደረ ይግላል፣ ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው ወዲያው ሞቃት አየር እየለቀቀ ያደርቀዋል። እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ይታሸግና ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። በየቀኑ የምንጠጣው ቢራ የሚጠመቀው በዚሁ በደረቀው ነው። ማድረቁ ግን ይዞት የሚሄድ ነገር አለ። አበባው ውስጥ ካሉት ዘይቶች ቶሎ የሚተኑት፣ በተለይ ማይርሲን የሚባለው፣ በከፊል እዚያው ማድረቂያው ውስጥ ይቀራሉ።

አንዳንድ ጠማቂዎች ታዲያ ማድረቂያውን ይዘሉታል። አበባውን በተቆረጠበት ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ ከፈላው ብቅል ውስጥ ይከቱታል። ሴራ ኔቫዳ የተባለው የካሊፎርኒያ ጠማቂ በ1996 እ.ኤ.አ. እርጥብ ሆፕስ ከያኪማ በጭነት መኪና አስጭኖ፣ ቺኮ ከተማ ወዳለው ፋብሪካው አስገብቶ የመከር ቢራውን ጠምቋል። ዛሬ ብዙዎች ያደርጉታል። አበባው ውሃ የበዛበት ስለሆነ በክብደት ከደረቁ አምስት እጥፍና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ወጪው ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው በዓመት አንድ ሰሞን ብቻ የሚገኘው።

ሲያትል የሚኖረው የእህቴ ልጅ ጥቅምት ላይ ቤተሰብ ሊጠይቅ ሲመጣ "ሌላ ምንም አትግዛ፣ እሱን ብቻ አምጣልኝ" አልኩት። ጣሳዎቹን በሹራብ ጠቅልሎ ሻንጣው መሃል ከቷቸው መጣ። ትንሽ የደረቀ አበባም በወረቀት ቋጥሮ ይዞልኝ ነበር። ኮምቦልቻ ኤርፖርት ተቀበልኩትና ሐረጎን እየተጠማዘዝን ወደ ደሴ ስንወጣ ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። በሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ብርዷን ትለቃለች፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች ሆና ትሞቃለች። አንድ ቢራ በሁለት አየር ቢቀመጥስ?

ጣሳዎቹን ለሁለት ከፈልኳቸው። ግማሹ ደሴ ቤቴ ፍሪጅ ገባ። ግማሹን ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ የሚሠራ ጓደኛዬ ወስዶ ሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ደረደረው። ፍሪጅ እንዳያስገባው አደራ አልኩት። መጀመሪያ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት እያሉ አንዱን ከፍተን መቅመስ ነበረብን፤ ያለዚያ ኋላ ከምን ጋር ልናነጻጽር?

ጓደኛዬ በቅምሻ ጨዋታ አያውቅም። "ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይሁን" አለ። አፍ ንጹሕ፣ ሆድ ያልጠገበ ጊዜ ነው። ቡና አልፈላም፣ ዕጣን አልጨሰም፣ ሽቶ የተቀባ አልነበረም። ደሴ ቤት ውስጥ ጠዋት ዕጣን መከልከል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! ብርጭቆዎቹን በሳሙና ካጠብናቸው በኋላ በሙቅ ውሃ ደጋግመን አለቀለቅናቸው፤ የሳሙናም ሆነ የቅባት ቅሪት አረፋ ይገድላል። በቅምሻው መሃል ምላስ የሚያጸዳ ውሃና ደረቅ ዳቦ ቀረበ።

ጎረቤታችን እማማም መጡ። ጠላ ጥለው ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ በሠፈሩ ስለ ጠላ የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ነው። እኔ ስለ ሆፕስ ከማውቀው እሳቸው ስለ ጌሾ የሚያውቁት በብዙ ይበልጣል። ሁለቱ ተክሎች ዘመዳሞች አይደሉም። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ያመርራሉ፣ መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽም ይከላከላሉ።

ሌላው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፤ አይጠጣም። ግን ዕጣንና ቅመም ነጋዴ ነው፣ አፍንጫው ይታመናል። ለእሱ ከቋጠሮው አንድ አበባ አወጣሁለት። በጣቱ ሰነጠቀው። ውስጡ፣ ከቅጠሎቹ ሥር፣ ቢጫ ዱቄት አለ፤ ሉፑሊን ይሉታል። የሆፕሱ ምሬትም ሽታም ያለው እዚያ ነው። ዱቄቱ ጣቱ ላይ ሙጫ ሆኖ ተጣበቀ። መዳፉ ላይ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተና ዝም አለ። ደግሞ አሸተተ። "መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀጥሎ ጠጅ ሳር፣ መጨረሻ ላይ ሙጫ" አለ። እኛ ብርጭቆ ይዘን ስንፈልገው የቆየነውን እሱ ቅደም ተከተሉን ሳይቀር ነገረን።

ጣሳው ሲከፈት ተፍ ብሎ ወጣ። ደሴ ከፍታ ላይ ነች፤ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ጣሳው ውስጥ የታመቀው ጋዝ እዚህ ሲከፈት በኃይል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ብርጭቆውን አጋድሞ፣ ቀስ እያሉ መቅዳት ነው። መልኩ ከለመድነው ላገር ቢራ ይጠቁራል፤ ወደ መዳብ የሚያደላ ወርቅማ፣ ትንሽ የደፈረሰ። አረፋው ነጭ ሳይሆን የክሬም ቀለም አለው፤ ብርጭቆው ጎን ላይ እየተጣበቀ ይወርዳል።

ከፍሪጅ እንደወጣ ስናሸተው ምንም የለም ማለት ይቻላል። ቀዝቃዛ፣ ትንሽ ብቅል ብቅል የሚል። ጓደኛዬ "ተዉት" አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ቢራ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው አዲስ የታጨደ እርጥብ ሣር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ጦሳ ተራራ ሥር የሚታጨደው ዓይነት። ከሥሩ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከእሱም ሥር ሐብሐብ የመሰለ ለስላሳ ነገር አለ። አፍ ውስጥ ሲገባ የብቅሉ ጣፋጭነት ይቀድማል። ምሬቱ ከዋጡ በኋላ ነው የሚከተለው፤ ጉሮሮ ላይ ሰፋ ብሎ ይተኛል እንጂ አይቧጥጥም። አልኮሉ ከ6 በመቶ በላይ ነው፤ ይሞቃል፣ ግን አይጮህም።

እማማ ሁለቴ ጎንጨት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡት።

"ይሄ ዘግይቶ ነው የሚመርር። ጌሾ በር ላይ ነው የሚቀበልህ" አሉ።

"ወደዱት እማማ?"

"ልጄ፣ ሳይደርቅ ነው የከተቱት አላልከኝም? ጌሾም ሳይደርቅ ሲገባ ጠላው እንዲህ ቅጠል ቅጠል ይላል። ማድረቅ በከንቱ መሰለህ?"

እውነት ነው፣ ቅጠል ቅጠል ይላል። በተለይ ብርጭቆው ሞቅ ሲል፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፣ ያልፈላ ሻይ ቅጠል የማኘክ ዓይነት ስሜት አለው። አበባው በብዛት ስለሚገባ ከዘይቱ ጋር አረንጓዴውም ይገባል። ለፋብሪካው ጓደኛዬ ይሄ የቢራው ማንነት ነው፤ "ይሄ ከሌለማ ለምን እርጥቡን ይከታሉ?" ይላል። ለእማማ ጉድለት ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ጉንጮች ከጓደኛዬ ጋር፣ የመጨረሻዎቹን ከእማማ ጋር እስማማለሁ። ለዚህም ነው ይህን ቢራ በትንሽ ብርጭቆ፣ ለብዙ ሰው አካፍሎ መጠጣት የሚሻለው። አንድ ሰው ሙሉ ጣሳ ሲይዝ ታችኛው ክፍል ላይ ይሰለቻል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ እንደገና ተሰበሰብን። ኮምቦልቻ የከረመው ጣሳ ከደሴው ጋር እኩል እንዲቀዘቅዝ ከቅምሻው በፊት በነበረው ምሽት ብቻ ፍሪጅ አደረ። የእህቴ ልጅ ጓዳ ሆኖ ቀዳ፤ የትኛው የት እንደከረመ የምታውቀው ብርጭቆው ሥር የተለጠፈችው ወረቀት ብቻ ነበረች። መደበቁ ግድ ነው። ያለዚያ ዓይንና ግምት ምላስን ይቀድሙታል።

መለየቱ ግን ከባድ አልነበረም። አንደኛው ብርጭቆ ላይ የብርቱካኑ ሽታ የለም። ሣሩም የለም። በቦታቸው ማርና የተቃጠለ ስኳር መጥቷል፤ ከኋላ ደግሞ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ። ምሬቱ ብቻውን ቀርቶ ይሻክራል። ብርጭቆውን ስንገለብጠው ኮምቦልቻ የከረመው ነው። ሁለተኛው ላይ ሽታው ቀነስ ብሏል እንጂ አለ። ብርቱካኑ አለ። የሚገርመው ቅጠል ቅጠሉ ለስልሷል። እማማ ይሄኛውን ጨረሱት። "አሁን ገና በሰለ" አሉ። እኔም ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይሄኛው ይበልጥብኛል። አዲስ ሲሆን ሽታው ይበረታል፤ ቅዝቃዜ ላይ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ደግሞ ይረጋል። ሙቀት ላይ ግን የሚረጋ ነገር የለም፣ የሚጠፋ እንጂ።

ምክንያቱን ጓደኛዬ እንዲህ አስረዳኝ። ሲታሸግ ጣሳው ውስጥ የምትቀር ጥቂት ኦክስጅን ሁልጊዜ አለች። ያቺ ኦክስጅን የሆፕሱን ዘይትና የብቅሉን ጣዕም ቀስ በቀስ ትበላለች። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይሄ እርጅና ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ፀሐይም ሌላ ጠላት ነው። ብርሃን የሆፕሱን መራራ ንጥረ ነገር ሰብሮ የሚከረፋ ሽታ ያወጣል። ጣሳ ብርሃን አያስገባም፤ ብርጭቆ ላይ ከተቀዳ በኋላ ግን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ መጠጣት አይሆንም።

ምግቡንም ሞክረናል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ጋር አልመክርም፤ ምሬቱ ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ ሽታውም ይጠፋል። ከገብስ ቆሎ ጋር ግን ግሩም ነው። የቆሎው መቆላት የብቅሉን ጣዕም ያወጣዋል። ጨው የሌለው አይብም ሄዷል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና ማስመጣት ካሰባችሁ፣ ስለ ስሙና ስለ ጣሳው ሥዕል አትጨነቁ። ጣሳው ሥር የታተመውን ቀን ያንብብላችሁ። ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ያለውን ትቶ ፍሪጅ ውስጥ ካለው ያንሳ። አዲስ አበባ የሚያድር ከሆነም ፍሪጅ ውስጥ ያሳድረው። ቀኑን ሲያነብ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ እንደሚያስቀድሙ ንገሩት። 10/03 የሚል ካየ ኦክቶበር 3 ነው፤ በእኛ መስከረም 23 አካባቢ፣ ልክ የመከሩ ቢራ የሚታሸግበት ሰሞን። ማርች 10 መስሎት አሮጌ ነው ብሎ እንዳይመልሰው።