ቀዩ ቁምጣ ለምን ተመለሰ

ሱፐርማን ቀዩን ቁምጣ ማውለቅ አልነበረበትም። ይህን የምለው «የለመድነውን አትንኩብን» ከሚሉት ወገን ሆኜ አይደለም። እዚህ ጎንደር ፒያሳም ሆነ ማራኪ፣ ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) እና አክሽን ፊልም የሚወዱ ወጣቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ክርክሩ ከዚሁ ይነሳና ከዚሁ ሳያልፍ ይቀራል። አንዱ «አሮጌው ይሻላል» ይላል፤ ሌላው «ልብስማ ዘመኑን መምሰል አለበት» ይላል። የተመልካች ዓይን አንድን ሥዕል በምን እንደሚያውቀው ግን የሚጠይቅ የለም። እኔ የምቆረቆረው ለዚያ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁምጣው ሱፐርማን መጀመሪያ ከታተመበት ከ1938 ጀምሮ አለ። በዚያ ዘመን የሰርከስ ጉልበተኞች በጠባብ ልብስ ላይ ቁምጣ ይደርቡ ስለነበር፣ ሥዕሉን ያየ ሁሉ ሰውየው ጉልበተኛ መሆኑን ሳይነገረው ያውቅ ነበር። በ2011 የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ መጽሔቶቹን እንደ አዲስ ከቁጥር 1 ሲጀምር ቁምጣው ወለቀ፤ ቀጥ ያለ አንገትጌ ተጨመረ፤ ልብሱም እንደ ጥሩር መስመር በመስመር ሆነ። የ2013ቱ ፊልምም ያለ ቁምጣ ወጣ፣ ቀለሙም ጠቆረ። በ2018 የሱፐርማን መጽሔት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1000 ላይ ሲደርስ ቁምጣው ተመለሰ፤ የ2025ቱም ፊልም አልተወውም።

የተመለሰው በናፍቆት ብቻ አይመስለኝም። ሰማያዊው ከአንገት እስከ ቦት ጫማው ሳይቋረጥ ሲወርድ ወገቡ የት እንደሆነ ዓይን ያጣዋል። ካባውም ጫማውም ቀይ ናቸው፤ መሐል ላይ ያለው ቀይ ላይኛውንና ታችኛውን ያገናኛል፣ አካሉንም ለሁለት ይከፍላል። ያ መሐል ሲወልቅ ትልቅ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ንድፍ አውጪው ባዶውን መሙላት ስላለበት ቀበቶውን ያወፍራል፣ በጎን በጎኑ መስመር ይጨምራል፣ ጨርቁን ቅርፊት ያስመስለዋል። አንድ ነገር ወልቆ አሥር ነገር ይገባል ማለት ነው። ተመልካቹ «የሆነ ነገር ጎድሎታል» የሚለው በእነዚያ አሥር ነገሮች መሐል ዓይኑ የሚያርፍበት ሲያጣ ነው።

መስመር መጨመር ዋጋም አለው። አንድ የወር መጽሔት 20 ገጽ ያህል ታሪክ ይይዛል። በገጽ አምስት ሥዕል ቢኖር 100 ሥዕል ነው፤ ጀግናው በግማሹ ላይ ቢታይ ሃምሳ ጊዜ ይሳላል። በልብሱ ላይ ሠላሳ መስመር ካለ 1,500 መስመር መሆኑ ነው፤ ያውም ሲዘል፣ ሲጎነበስ፣ ከኋላ ሲታይ ሁሉም እንደ አካሉ መታጠፍ አለባቸው። ወሩ ሲያጥር ሠዓሊው የሚያሳጥረው እነዚህን መስመሮች ነው። በገጽ 3 ያለው ልብስ በገጽ 17 ሌላ የሚሆነው፣ ሌላ ሠዓሊ ሲረከበው ደግሞ ጭራሽ የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው። በሽፋኑ ላይ ያማረ ንድፍ ሁሉ በውስጥ ገጽ አይጸናም።

ክርክር ሲነሳ እኔ የምመክረው ፈተና ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ነው። አዲሱን ንድፍ በጥቁርና ነጭ አስገልብጡት፤ በስልክም ቀለሙን ማጥፋት ይቻላል። ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ለዓይን የተራራቁ ቢሆኑም ቀለሙ ሲጠፋ ተቀራራቢ ጥቁረት ይይዛሉ፤ ቢጫ ግን ወደ ነጭ ይሄዳል። የሱፐርማን የደረት አርማ ቢጫ መደብ ያለው፣ የስፓይደርማን ቀዩ ክፍል በድር መስመር የተሞላው፣ ቀለሙ ቢጠፋ እንኳ ክፍሎቹ እንዲለዩ ያደርጋል። ቀጥሎ ምስሉን አውራ ጣት እስኪያክል አሳንሱት፤ አርማው ካልተነበበ ሥራውን አልሠራም። ከዚያ ጠርዙን ብቻ አስቀርታችሁ ውስጡን በሙሉ በጥቁር ሙሉት። ባትማን በሁለቱ ጆሮዎቹና በካባው ጫፍ ይታወቃል። ሌላው ጡንቻና ትጥቅ ብቻ ከሆነ ከማንም አይለይም። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ገልብጣችሁ በቢክ እስክሪብቶ ከትዝታ ሳሉት። እጃችሁ ያልመለሰው ነገር ጌጥ ነበር።

ይህ ፈተና ለአሮጌው አያዳላም። ሃልክ በ1962 ሲጀምር ግራጫ ነበር፤ ማተሚያው ግራጫውን አንድ ወጥ አድርጎ ማውጣት ስላቃተው በሁለተኛው ቁጥር አረንጓዴ ሆነ። አይረንማን በ1963 ግራጫ ሆኖ ወጣ፣ በቀጣዩ ቁጥር ወርቃማ ተቀባ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ቀይና ወርቃማውን ለበሰ። ዴርዴቪል በ1964 ቢጫ ለብሶ ጀምሮ በ1965 ነው ሙሉ ቀይ የሆነው። ዛሬ «ዋናው ይህ ነው፣ አይነካ» የሚባለው እራሱ የተነካ ነው። በ1984 የስፓይደርማን ልብስ ጥቁር ሲሆንማ ከቀይና ሰማያዊው አንዳች አልቀረም፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ከሚወደዱት አንዱ ነው። ትልልቆቹ ነጭ ዓይኖች ባሉበት ቀሩ፣ የአካሉ ቅርጽ አልተለወጠም፣ በደረቱና በጀርባው ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ሸረሪት ብቻ ተዘረጋ። የድር መስመሮቹም ስለጠፉ ለመሳል ቀለለ። በ1997 ሱፐርማንን ኤሌክትሪክ አድርገው ካባውንም ቀዩንም ቢጫውንም ባንድ ጊዜ ሲነጥቁት ግን በዓመቱ ወደ ቀድሞው መለሱት። የሚታወቅበትን በሙሉ ወስደው ምንም አልተኩለትም።

ጎንደር ላለ ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳው ፊት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ቅዱሳኑን ከልብ ወለድ ጀግና ጋር ለማነጻጸር አይደለም፣ አይገባምም፤ የማወራው ስለ ሠዓሊው ጥበብ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ይሳላሉ፤ ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ምእመን ከሩቅ ይለያቸዋል። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሳሉ፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን በጎን ይሳላሉ። በጎንደር ዘመን የልብሱ ጥለት በዝቷል፣ የፊቱ ጥላ ለስልሷል፣ የመደቡ ቀለም ተቀይሯል። የፈረሱ ቀለም ግን አልተቀየረም። እነዚያ ሠዓሊዎች የቱ የሠዓሊው፣ የቱ የባለ ታሪኩ እንደሆነ ለይተው ያውቁ ነበር። የዛሬዎቹ የፊልም ድርጅቶች ቢጎድላቸው ይህ ልየታ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ፊልም ሲገባ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ሥዕል አንገቱን ማዞር አያቅተውም፣ ተዋናይ ግን ያቅተዋል። በ1989ኙ ባትማን ጭንብሉ ከአንገትና ከትከሻ ጋር የተያያዘ ላቴክስ (ጎማ) ስለነበር ተዋናዩ ወደ ጎን ለማየት ደረቱን ጭምር ያዞር ነበር። ጭንብሉ ከአንገቱ ተለይቶ ጭንቅላት እንደ ልብ የዞረው በ2008ቱ ፊልም ነው። በ2011ዱ ግሪን ላንተርን ደግሞ ልብሱ በሙሉ በኮምፒውተር ተሠራ፤ ሰውየው ሲንቀሳቀስ የሚጨማደድ ጨርቅ፣ በትከሻው ላይ የሚወድቅ እውነተኛ ጥላ ስላልነበረ ፊቱና አካሉ የሁለት ሰው መሰሉ። የኮሚክ ጀግናውን ዎልቨሪንን በ2000 ጥቁር ቆዳ ያለበሱት ቢጫው በፊልም ያስቃል ብለው ነበር። በ2024 ቢጫውን ሲለብስ ሰው በደስታ ነው የተቀበለው፤ ወፍራም ጨርቅ፣ የደበዘዘ ቢጫና በደንብ የተሰፋ ስፌት ከተገኘ ቀለሙ እንደማያስቅ ታየ።

ያሳዘኑን አክሽን ፊልሞችም ጥፋታቸው ከዚህ አይርቅም፤ በልብሱ ላይ ዓይን ማረፊያ እንዳጣ ሁሉ፣ በድብድቡም ማን ማንን እንደመታ ያጣል። ብዙ ጊዜ «ካት (ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው መቁረጥ) ስለበዛ ነው» ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። የ2015ቱ «ማድ ማክስ፡ ፉሪ ሮድ» በ120 ደቂቃ ውስጥ 2,700 ያህል ካት አለው፤ አንዱ ሾት (በሁለት ካት መሐል ያለው ቀረጻ) በአማካይ 3 ሰከንድ አይሞላም። ግን አንድም ቦታ አይጠፋባችሁም፤ ዋናው ነገር በየሾቱ መሐል ላይ እንዲሆን ተደርጎ ስለተቀረጸ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ፍለጋ አይገባም። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክሰል ኦስካር የወሰደችበት ሥራ ነው። በሌላ በኩል በ«ቴክን 3» ዋናው ተዋናይ አንዲት የሽቦ አጥር ለመዝለል በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከአሥር በላይ ካት ያስፈልገዋል፤ በየካቱ የካሜራው ቦታም የአጥሩም አቅጣጫ ይለዋወጣል።

አንድን የድብድብ ትዕይንት ለመመርመር ድምፁን ዝጉ። ሰውየው ቡጢ ሲሰነዝርና ቡጢው ሲያርፍ በአንድ ሾት ውስጥ ታያላችሁ ወይ? መሰንዘሩ በአንድ ሾት፣ መውደቁ በሌላ ሾት ከሆነ ምቱ አልተቀረጸም ማለት ይቻላል። ቀጥሎ በግራ የነበረው ሰው ካት ሲደረግ በግራ መቆየቱን እዩ። ካሜራው በሁለቱ ተፋላሚዎች መሐል ያለውን የማይታይ መስመር ከተሻገረ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ተመልካችም ይደናገራል። ከዚያ ፊቱና እግሩ በአንድነት የሚታዩበት ሾት ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ፊት ብቻ፣ እጅ ብቻ፣ ጀርባ ብቻ እየተፈራረቀ ከመጣ የሚደባደበው ስታንቱ (ተዋናዩን ተክቶ አደገኛውን የሚሠራው ሰው) ነው፤ ተዋናዩ ለፊቱ ብቻ ቆሟል። «ጆን ዊክ» በ2014 ሲወጣ የተለየው በዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ ራሱ ስታንት ነበር፤ ተዋናዩን ለወራት ጁዶና ተኩስ አሠልጥኖ ካሜራውን አራቀለት። ሥልጠና ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ያንን የቆጠበ ፊልም ዕዳውን በኤዲቲንግ ክፍል በካትና በሚንቀጠቀጥ ካሜራ ይከፍላል።

በኮምፒውተር የተሠራ ሰው ሲወድቅ ደግሞ ሰከንድ ቁጠሩለት። ከ20 ሜትር የሚወድቅ አካል መሬት ለመድረስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በመጀመሪያው ሰከንድ 5 ሜትር ገደማ፣ በሁለተኛው የቀረውን 15። ከላይ እስከ ታች በእኩል ፍጥነት ከወረደ ዓይን ክብደት የሌለው መሆኑን ወዲያው ያውቃል፣ ምክንያቱን ባይናገርም። በርካታ የመጨረሻ ትዕይንቶች ባዶ የሚሆኑብን በዚህ ይመስለኛል፤ ሕንፃ እየፈረሰ እንኳ ማንም የሚጎዳ አይመስልም።

በአንድ ነገር ግን ለፊልም ሠሪዎቹ እቆማለሁ። እኛ ዘንድ ፊልሙ በፍላሽና በቴሌግራም እየተጨመቀ ነው የሚደርሰው። ፋይል ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚሠዋው ጨለማው ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው፤ ቀጥሎ ዝናብ፣ አቧራና ፈጣን እንቅስቃሴ፣ ምክንያቱም በየፍሬሙ (ፊልሙ በተሠራበት በእያንዳንዱ ምስል) ሁሉም ነገር ይለወጣል። የሌሊት ድብድብ በዝናብ ከሆነ ሁለቱም ባንድ ላይ ይመጡና ምስሉ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል። በትርጉም ፊልም ደግሞ የተርጓሚው ድምፅ ከሥር ያለውን የእርምጃና የምት ድምፅ ይሸፍነዋል። እንዲህ ያለ ኮፒ አይቶ «ጨለማ ነው፣ ድምፁም ወርዷል» ብሎ መፍረድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ከመፍረድ በፊት ቢያንስ ጥራቱ የተሻለውን ፋይል ፈልጎ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ፣ በጆሮ ማዳመጫ ማየት ያስፈልጋል። የካቱና የመስመሩ ስህተት ግን በየትኛውም ኮፒ ያው ነው፤ እሱ ላይ በድፍረት መፍረድ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እዚሁ ከተማ የራሳቸውን ጀግና የሚስሉ ልጆች ነገር ነው። እጃቸው ጥሩ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚገለብጡት ያንኑ የ2011ዱን ጥሩር መስመር ነው። ትከሻ ላይ ብረት፣ ጉልበት ላይ ብረት፣ ደረት ላይ የማይነበብ አርማ። ጃኖ እያለ! ነጭ መደብ ላይ ሰፊ ቀይ ጥለት በፎቶ ኮፒ ከማንኛውም ካባ በላይ ጎልቶ ይወጣል። በኤ ፎር ወረቀት ላይ ጀግናችሁን 24 ሳንቲ ሜትር አቁሙት፤ የጀግና ቁመት በስምንት ጭንቅላት ስለሚለካ ጭንቅላቱ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጥለቱን የጭንቅላቱን ግማሽ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል አድርጉት። ምስሉ አውራ ጣት ሲያክል፣ ማለትም በስምንት እጥፍ ሲያንስ ጥለቱ 2 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ያ ይታያል። በ1 ሚሊ ሜትር የተሰመረ የትጥቅ መስመር በዚያው መጠን ሲያንስ የለም። የጥለቱን ጥልፍ መሳል የወደደ ለቅርብ ምስል ያቆየው፤ ከሩቅ ጥለቱን በአንድ ቀለም ሞልቶ ይለፈው።