ሰሌዳ የማታጠፋው የፅዳት ሰራተኛ

ይሄን ነገር ለመፃፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ፣ ባለፈው ልጅቷ ስትመረቅ ካየሁ በኋላ ግን ዝም ማለት ከበደኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ አስተምራለሁ፣ እኔ የቀኑን ነው የምይዘው፣ የማታው የሌላ መምህር ነው። 2015 ላይ ጠዋት ሶስተኛ ፎቅ ክፍሌ ስገባ ሰሌዳው አይጠፋም፣ ትናንት የፃፍኩት እንዳለ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ሁለት ቀን ራሴ አጠፋሁት፣ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ግን በጣም ተናደድኩና ጠቅላላ አገልግሎት ሄጄ የፎቁ ፅዳት ስራዋን በአግባቡ አትሰራም ብዬ በፅሁፍ ከሰስኳት። የፅሁፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከዛ በኋላ ሰሌዳው በየቀኑ ፅድት ብሎ ነው የማገኘው፣ እኔም በቃ ነገሩን ረሳሁት።

ሴሚስተሩ አለቀና ፋይናል መጣ፣ የኮስት አካውንቲንግ ፈተና የቀኑም የማታውም አንድ ስለነበረ ወረቀቱን ተካፍለን ስናርም ከማታው ክፍል አንድ ወረቀት አስደነገጠኝ። ሰንጠረዡ ልክ እኔ እንደማሰምረው ነው የተሰመረው፣ ያውም ጥግ ላይ በእርሳስ በአማርኛ "የትናንት እንጀራ" የሚል ተፅፏል። ይሄ የኔ አባባል ነው፣ ፊፎ (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል የሚለውን አቆጣጠር) ሳስተምር ተማሪዎቹ ባለፈው ወር የተሰራውን ከዚህ ወር ስራ ጋር እየደመሩ ሲያስቸግሩኝ "የትናንት እንጀራ ዛሬ እንደተጋገረ አይቆጠርም" ብዬ ሰሌዳው ላይ እፅፍላቸዋለሁ። የማታው መምህር እንደዛ አይልም። ኩረጃ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ የቀን ተማሪ ገብቶ ተፈትኖላታል ብዬ ልጅቷ ቢሮ እንድትመጣ አስጠራኋት።

በር ተንኳኳ። ሰማያዊ ጋዋን የለበሰች የፅዳት ሰራተኛ ናት።

"እህቴ ቆይተሽ ነይ፣ ተማሪ እየጠበኩ ነው" አልኳት።

"እኔ ነኝ ቲቸር፣ ጠርተውኛል ተባልኩ።"

ምን እንደምል ጠፋኝ። ባዶ ወረቀት ሰጠኋትና ቁጥሩን ቀይሬ ጠየኳት፣ ወሩ ሲጀምር 2,000 ያላለቀ ምርት አለ፣ 40 በመቶው ባለፈው ወር ተሰርቷል፣ እሱን ለመጨረስ በዚህ ወር ስንት ይቆጠራል? ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፣ እጇ በረኪና በረኪና እየሸተተ እንደቆመች 1,200 ብላ ፃፈች። "40ው ያለቀ ነው ቲቸር፣ የዚህ ወር ልፋት 60ው ብቻ ነው" አለችኝ።

ከየት ተማርሽው ስላት ነው ሁሉም የወጣው። ሶስተኛ ፎቅን የምታፀዳው እሷ ናት፣ 11 ሰአት ላይ ቀኖቹ ሲወጡ ጠርጋ ሳትጨርስ የራሷ ክፍል ይደርሳል፣ ስለዚህ ሰሌዳውን ትተወውና ማታ 2 ተኩል ስትወጣ ተመልሳ ትገለብጠዋለች። ስልኳ ባለቁልፉ ነው፣ ካሜራ የለውም። አንዳንዴ ሳትጨርስ ጥበቃው መብራት ያጠፋባታል፣ የቀረውን ንጋት ላይ ልጨርስ ስትል እኔ ቀድሜ እገባለሁ። "ከማስጠንቀቂያው ወዲህ ግን ሳልገለብጥ ነው የማጠፋው" አለች፣ ማን እንደከሰሳት እያወቀች፣ ምንም የቂም ነገር ድምጿ ውስጥ የለም።

በእግዚአብሔር፣ ያን ቀን ቤቴ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ከጠቅላላ አገልግሎቱ ኃላፊ ጋር ስወዛገብ ማስጠንቀቂያው ቁጥር ወጥቶለታል አይነሳም አሉኝ፣ እኔም ጥፋቱ የኔ መሆኑን በፅሁፍ አስገብቼ ከፋይሏ ጋር አሳሰርኩት። ከጥበቃው ጋር ስለ መብራቱ ተስማማን፣ ሰሌዳውም እንዳለ ይቆያት ጀመር።

ቀላል አልነበረም ደሞ። 2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ የእናቷ ቀበሌ ቤት አብሮ ተነሳና ቦሌ አራብሳ ገቡ። ከአስር ደቂቃ የእግር መንገድ ወደ ሁለት ታክሲ ማለት ነው፣ መገናኛ ላይ ያን ሰልፍ ተሰልፋ ቤቷ ስትደርስ አራት ተኩል ያልፋል፣ ሌሊት አስር ሰአት ደሞ ትነሳለች። የመውጫ ፈተናውን የመጀመሪያው ዙር 44 አመጣች፣ ማለፊያው 50 ነው፣ ካላለፉ ዲግሪ የለም። ትተወዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ሰኞ ጠዋት ባልዲዋን በር ላይ አስቀምጣ "ኦዲትና ታክስ ነው የጣለኝ፣ ከየት ልጀምር?" ብላ መጣች። ሃያ አመት አስተምሬ እንደዚህ አይነት ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። በሁለተኛው ዙር 63።

የምርቃቱ ቀን ጥቁር ጋዋን ለብሳ ሳያት መጀመሪያ አልለየኋትም። እናትየው ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡና "የሰሌዳው መምህር አንተ ነህ ወይ የኔ ልጅ?" አሉኝ። አዎ እማማ፣ ግን እኔ እኮ መጀመሪያ ደብዳቤ አፅፌባት... ብዬ ልጀምር ስል አላስጨረሱኝም፣ "እሱንም ነግራኛለች፣ በል ብላ" ብለው ከያዙት ድፎ ዳቦ ቆርሰው አጎረሱኝ።