ስፌቱ ቀለሙን፣ ፊደሉ ቅርጹን ሳያጣ

ለሐረር የስንደዶ ስፌት ሱቅ ወይም ጁገል ውስጥ ላለ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሲሠራ፣ ፎቶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በቴሌግራም ነው። ጥራት የሚጠፋውም ገና እዚያው ላይ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ሳይነካው ያደርሰዋል። ስለዚህ ባለሱቋን «እባክዎ በፋይል ይላኩልኝ» ማለት የሥራው መጀመሪያ ነው። አንዴ የጠፋን ነገር የትኛውም ፎርማት አይመልሰውም።

ገጽ ሲከብድ ሰው ቶሎ ብሎ ፎርማቱን ይወቅሳል። ከፎርማቱ፣ ማለትም ከፋይሉ ዓይነት በፊት ግን የፒክስሉን፣ ምስሉ የተሠራባቸውን ነጥቦች ብዛት እዩ። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው። ፋይሉ 3 ሜጋባይት ቢሆን እንኳ፣ ስልኩ ከፍቶ ሲያሳየው ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ 48 ሜጋባይት ሜሞሪ ይበላል። እንዲህ ያሉ 10 ፎቶዎች አንድ ገጽ ላይ ከተደረደሩ ርካሽ ስልክ መንቀራፈፍ ይጀምራል፤ የደንበኛውም ፓኬጅ ያልቃል። ለገጹ ራስጌ 1600 ፒክስል ስፋት፣ ለዕቃ ዝርዝር 800 ይበቃል። 1600 በ1200 የሆነው ፎቶ ሜሞሪው 8 ሜጋባይት አይሞላም።

አሁን ወደ ፎርማቱ። ለፎቶ ጄፔግ ወይም ዌብፒ ነው። ጄፔግን 80 እስከ 85፣ ዌብፒን 75 እስከ 80 ጥራት ላይ አድርጉት። ቁጥሮቹ ከፎርማት ፎርማት አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም፤ አቪፍ የሚባለው አዲስ ፎርማት 55 ከጄፔግ 55 ጋር አይወዳደርም። ስፌት ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሐረሪዎች ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉትን ስፌት ቀረብ ብላችሁ ብታዩት፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ብርቱካንማ ስንደዶ ጎን ለጎን በቀጭኑ ይሄዳል። ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑን በሙሉ ይዞ ቀለሙን በወርድም በቁመትም በግማሽ ይቀንሳል፤ ለ4 ፒክስል አንድ ቀለም ማለት ነው። ሰማይ ወይም የሰው ፊት ላይ አይታወቅም። ቀጭን ቀይ መስመር ከአረንጓዴው ሲገናኝ ግን ቀለሙ ይፈስና ጠርዙ ይደበዝዛል። ባለሱቋ «የኔ ስፌት እንዲህ አይደለም» ብትል እውነቷን ነው። መፍትሔው ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ጄፔግ ሲወጣ ሰብሳምፕሊንግ የሚለውን 4:4:4፣ ማለትም ቀለሙ የማይቀነስበት ማድረግ ነው። ፋይሉ ትንሽ ያድጋል፤ ይደግ። መረጃ እየጣለ የሚጨምቀው ዌብፒ ሁልጊዜ ቀለሙን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ለቅርብ የስፌት ፎቶ ጄፔግን እመርጣለሁ፤ ለቀረው ሁሉ ዌብፒን።

ሌላው ጥራት የሚፈትን ነገር ንጹሕ ሰማይ ነው። ከድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሕንጻ በላይ ደመና የሌለው ሰማይ ያለበት ፎቶ ከመጠን በላይ ከተጨመቀ፣ ሰማዩ ደረጃ ደረጃ እየሆነ ይታያል። እዚያ ጥራቱን ወደ 85 ከፍ ማድረግ ነው።

ለጽሑፍ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝም በዚህ በኩል የሚሠራው ስህተት ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ ካፌ የዋጋ ዝርዝሩን በጄፔግ ሲያወጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚጨምቅ፣ ከፊደሉ ዙሪያ አቧራ የሚመስል ነጠብጣብ ይተዋል። «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ላይ ያለችው ጭረት ከመሃል ወይም ከታች መሆኗ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ትንሽ ሲሆን ይህች ጭረት አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ናት። አቧራው ከሸፈናት አንባቢው ይገምታል እንጂ አያነብም። ጽሑፍ ያለበት ምስል ምንም ሳይጥል በሚጨምቀው ፎርማት፣ በፒኤንጂ ይውጣ። ቀለሙ ጥቂት ከሆነ 256 ወይም ከዚያ ያነሰ ቀለም ባለው ፒኤንጂ ብታወጡት ፋይሉ በጣም ያንሳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዝርዝሩን ገጹ ላይ በፊደል መጻፍ ነው፤ ጉግል ያገኘዋል፣ ዓይነ ስውር በድምፅ ማንበቢያ ይሰማዋል፣ ዋጋ ሲጨምርም ቁጥሩን መቀየር ብቻ ነው።

የተበላሸ ጄፔግን ወደ ፒኤንጂ መቀየር አያክመውም። አቧራውን እንዳለ ያደርቀዋል፣ ፋይሉንም ያሳብጠዋል።

ሎጎ በኤስቪጂ ይሁን፤ ምስሉን በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ ስለሚይዝ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይደበዝዝም። እዚህ ላይ አማርኛ ጸሐፊን የሚጎዳ ወጥመድ አለ፦ ገጹ የጫነው ፎንት ምስል በሚያስገባው የገጹ ኮድ፣ በኢሜጅ ታግ ለገባ ኤስቪጂ አይደርሰውም። ያማረው የሎጎ ፊደል ስልኩ ላይ ባገኘው ፎንት ይተካል፣ ካላገኘም ባዶ ሣጥን ይሆናል። ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ሲን አንድ ላይ ብትጫኑ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ማረም ስለማይቻል ቅጂውን አስቀድማችሁ አስቀምጡ።

አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፎቶን ሂክ (HEIC) በሚባል ፎርማት ያስቀምጣል፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ደግሞ ሂክን አያሳዩም። የፋይሉን ስም ብቻ ወደ ጄፔግ መቀየር ፋይሉን አይለውጠውም። ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ውስጥ ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የተነሱት ግን መቀየር አለባቸው። ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፦ መጀመሪያ አቅጣጫውን አስተካክሉ፣ ቀጥሎ ቀለሙን ድረ ገጽ ወደሚጠቀምበት የቀለም ሥርዓት፣ ወደ ኤስአርጂቢ ለውጡ፣ ከዚያ አሳንሱ፣ ጨምቁ፣ በመጨረሻ ፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን ተጨማሪ መረጃ አጥፉ። ቀለሙ ሳይለወጥ የቀለም ፕሮፋይሉ ከጠፋ ቀዩ ስፌት ይገረጣል። መረጃው ካልጠፋ ደግሞ ፎቶው የተነሳበትን ቤት ቦታ በጂፒኤስ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ቤተሰብ ለሚኖርበት የጁገል ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለማሳነስና ለመጨመቅ ስኩሽ (Squoosh) የሚባለው መሣሪያ ጥሩ ነው። ብሮውዘር ላይ ይሠራል፣ ፎቶውን ግን ወደ የትም ስለማይልክ ዳታ አይጨርስም። ከመጨመቁ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያሳያል።

ስለ ተስማሚነት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ሳፋሪ ዌብፒን እ.ኤ.አ. በ2020፣ አቪፍን በ2022 ተቀብሏል። ፒክቸር በሚባለው ታግ ዌብፒን አስቀድማችሁ ጄፔጉን ከመጨረሻው ኢሜጅ ታግ ውስጥ ብታስቀምጡ፣ የቆየ ስልክ ጄፔጉን ይወስዳል። ብሮውዘሩ ከላይ ወደ ታች ሄዶ መጀመሪያ የሚያውቀውን ስለሚወስድ ተራው ወሳኝ ነው። የገጹ ሊንክ ለሌላ ሰው ሲላክ ብቅ ለሚለው ምስል 1200 በ630 ፒክስል የሆነ ጄፔግ ይሻላል።

የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉት። አንድ የግዕዝ ፊደል በሊንክ ውስጥ 9 ምልክት ስለሚሆን «ስፌት» ብቻ 27 ምልክት ይወስዳል። ከዚህም በላይ አንዱ «ሐረር» ሌላው «ሀረር» ብሎ ከጻፈ፣ ለሰርቨሩ ሁለቱ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ ምስሉ አይገኝም።